የኋላ ግራ ጎማ

ውድ ወንድሜ ሙሐመድሸሪፍ፣

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አላጣሁትም። ግን እንደምን አለህ ብዬ ለመጠየቅ አፌ ስላልደፈረ ሰላምታውን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ። እዚያ ድረስ ካነበብህልኝ ታገኘዋለህ።

ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ አላነሳህም። ደግ አደረግህ። ብታነሳው ኖሮ የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ነው ብዬ፣ ስለ ዝናብ አውርቼ እዘጋው ነበር። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ፊደል ያስቆጠረኝ መሠረተ ትምህርት መሆኑን ታውቃለህ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ስሜንና የታርጋ ቁጥር ብቻ ነው። ይህችን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቻለሁ። ልጄ ስርጉት አይታኝ አላስችላት ብሎ፣ "አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎ" አለችኝ። እምቢ አልሁ። የራሴን ሸክም ሰው ላይ ጭኜ የኖርሁት አንሶ ኑዛዜዬን ደግሞ ላሸክም?

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ሳምንት ነው። ዘንድሮም የሎንቺናዋ ቦሎ ደረሰ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለከረመ ካምናው አደጋ ወዲህ ብዙም አልሠራችም፤ ግቢዬ ውስጥ አቧራ ለብሳ ነው የከረመችው። ለምርመራ የምትቀርብ መኪና ደግሞ አስቀድማ መታጠብ አለባት፤ ጭቃዋን ይዛ ከቀረበች ከበር ነው የሚመልሷት። ስለዚህ ከስርጉት ጋር ውኃ ቀድተን፣ ሳሙና በጥብጠን ጀመርን። ፍሬቻውን ሞከርሁ፣ ይሠራል። የዝናብ መጥረጊያውን ሞከርሁ፣ አንዱ ይሠራል። ከሥር ገብቶ የሚያይልኝ ግን አልነበረም። አንተ ካርቶን አንጥፈህ፣ መንዙማህን እያንጎራጎርህ ከሥር ስትገባ፣ እኔ ከላይ ሆኜ "ዘፈኑን ተወውና ሥራህን ሥራ!" ስልህ፣ አንተም "ዘፈን አይደለም አልሁህ፣ አያ ታዘበው፣ ስንት ዓመት ልንገርህ!" ስትለኝ፣ ሃያ ዓመት እንደዚያ ነበር ያለፈው።

ስርጉት የፊቱን ጎማ ስታጥብ ቆየችና ቀና አለች።

"አባባ፣ ብሎኑ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?"

"ቀለም ነው።"

"የምን ቀለም?"

ነገርኋት። ሙሐመድሸሪፍ ብሎን ካጠበቀ በኋላ በቀጭን ቡርሽ አንድ ነጭ መስመር ያሰምራል፤ ከብሎኑ ጀምሮ ቸርኬው ላይ ይጨርሳል። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው እንኳ ያየዋል። ከጎንደር እስከ ደጀን እንደዚህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም አልኋት። ይህን ስናገር እኮራ ነበር፣ ታምነኛለህ? በአንተ እኮራ ነበር።

እሷ ከፊት ወደ ኋላ ዞረች። ጎንበስ አለች፣ በጣቷ ጠረገች፣ ወደ ሌላው ሄደች። አራተኛው፣ የኋላ ግራው፣ ካምናው ወዲህ ተጠባባቂ ጎማ ስለሆነ መስመር የለበትም። ሦስቱን አይታ ስትጨርስ ባልዲውን አስቀመጠች።

"ታዲያ ለምን አይገናኝም? ግማሹ መስመር ቸርኬው ላይ ነው፣ ግማሹ ብሎኑ ላይ። አንዱም አንዱን አያገኘውም። ጋሼ ሙሐመድሸሪፍ ካጠበቁት በኋላ የፈታው ሰው አለ ማለት ነው።"

"ዝም ብለሽ እጠቢ።"

"እኔማ ዝም ብዬ እያጠብሁ ነበር። እርስዎ ነዎት የደነገጡት።"

ከዚያ በኋላ ስለ መስመሩ ድጋሚ አላነሳችም። ባልዲውን አንሥታ ገባች። ምሳ አቀረበችልኝ፤ ግን ፊቴን አላየችም። ልጄ ናት፣ ሙሐመድሸሪፍ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዚህች ልጅ ሌላ ዓይኔን የሚያይልኝ ሰው የለኝም።

እንግዲህ አንተ የምታውቀውን ልንገርህ። ከእኔ አፍ ስላልሰማኸው ነው የምነግርህ።

አምና ለምርመራ ልትቀርብ ሞጣ አንተ ጋራዥ አመጣኋት። ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ዋልህ። ፍሬኑን አየህ፣ መሪውን አየህ፣ የአራቱንም ጎማ ብሎን አጠበቅህ፣ መስመርህን አሰመርህ። ከዚያ ወጥተህ ልብስህን አራገፍህና፣

"ሁሉም ደህና ነው፣ አያ ታዘበው። ጎማህ ግን እንደ አናትህ ተላጭቷል። በዚህ አያሳልፉህም" አልኸኝ።

"አናቴ ስንት ዘመን ዘለቀ! ጎማውም ይዘልቃል።"

ሳቅህ። ቀጥለህ ግን መሳቅህን ተውህ። "በተውሶ ጎማ ግን እንዳትቀርብ። ሾፌሩ ሁሉ እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ቦሎ ለመስተዋት ነው፣ ጎማ ለነፍስ ነው። አዲስ እስክትገዛ ትቁም።"

"እኔ ልጅ ነኝ የምትመክረኝ?" አልሁህ።

ልጅ ብሆን ይሻል ነበር። በማግሥቱ ደብረ ወርቅ ስደርስ በቀጥታ ደምለው ግቢ ገባሁ። ደምለው፣ ያ ቀልደኛው ሾፌር፣ በዚያ ወር አራት አዲስ ጎማ አስገብቶ ነበር። የእኔን አራቱን ከነቸርኬያቸው ፈታን፤ የእሱን አራቱን አሰርን። የአንተን መስመር የሰበርሁት በዚያች ሰዓት ነው። መፍቻውን ስጠመዝዝ ነጩ ቀለም እየተሰነጠቀ ሲለያይ አይቼዋለሁ። አላየሁም አልልህም።

ሄድሁ፣ ቀረብሁ። መርማሪው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ "አባት፣ ይህችን መኪና እንደ ልጅ ነው የያዟት" አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። በሰው ጎማ ደረቴን ነፋሁልህ! ቦሎውን መስተዋቱ ላይ ለጥፌ ወደ ደብረ ወርቅ ተመለስሁ። ደምለው ጭነት ይጠብቀው ስለነበር ቶሎ ቶሎ አልን። የእሱን ፈታን፣ የእኔን መልሰን ገጠምን። ሦስቱን በመፍቻ አጠበቅሁ። አራተኛውን፣ የኋላ ግራውን፣ በእጄ አስጀምሬ ሳለሁ ክሪኩ ሸርተት ሊል ሆነና እሱን ለማስተካከል ተነሣሁ። ክሪኩን አወረድሁ፣ ዕቃውን ሰበሰብሁ።

ያን ጊዜ ደምለው፣ "አያ ታዘበው፣ የኋላ ግራውን አጥብቀኸዋል?" አለኝ።

ይህችን ቃል አንድ ዓመት ሙሉ ስሰማት ኖሬያለሁ። ባይጠይቀኝ ኖሮ እንደ ልማዴ አንድ ጊዜ ዞሬ አየው ነበር። ስለጠየቀኝ፣ በዕድሜ እበልጠዋለሁና፣ ስለጠየቀኝ ብቻ ሳላየው ተነሣሁ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ብሎን ሳጠብቅ አንተ ጡት ትጠባ ነበር" አልሁት። እሱም ስቆ በሩን ከፈተልኝ። መናኸሪያ ገባሁ፣ ሰው ጫንሁ፣ ወደ ሞጣ አቀናሁ።

ግንደወይንን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ በግራዬ በኩል አንድ ጎማ እየተንከባለለ ቀድሞኝ ሲሄድ አየሁ። የማን ነው ብዬ አሰብሁ፣ ጅሉ። ወዲያው ሎንቺናዋ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች፣ አስፋልቱን እየፋቀች ሄዳ ቦዩ ውስጥ ቆመች። ሰው ሁሉ ጮኸ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። ግን ያቺ ይርጋነሽ፣ ቅቤ ይዛ ለሞጣ ገበያ የተሳፈረችው፣ በመስኮቱ በኩል ነበረችና ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሞጣ መናኸሪያ ውስጥ የሆነውን ታውቀዋለህ። ወሬውን ሰምተህ ዕቃህን እንደያዝህ እየሮጥህ መጣህ። ሾፌሩ፣ ደላላው፣ ተሳፋሪው ከቦኝ "ምን ሆኖ ነው? አዲስ ቦሎ የለጠፈ መኪና እንዴት ጎማ ይጥላል?" ይሉኛል። ጎማውን ፈትቼ ነበር ብል፣ ለምን ፈታኸው ሊሉኝ ነው። በተውሶ አለፍሁ ልል ነው። መንጃ ፈቃዴ ሊሄድ ነው፣ እኔ ታዘበው፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ስሜ ያልተነሣው፣ የሰው መሳቂያ ልሆን ነው። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ዓይንህን ባየሁባት ቅጽበት ነው። እናም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጣቴ አሳየሁህ።

"ያጠበቀው እሱ ነው! በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ?"

አንተ አልተቆጣህም። ተጎትታ ወደመጣችው ሎንቺና ሄደህ ቁጢጥ አልህ። የቀሩትን ሦስቱን ጎማ አየህ። መስመሮችህን አየህ። ከዚያ ቀና ብለህ በዝግታ፣ "አያ ታዘበው፣ ጎማው ተፈትቶ ነበር እንዴ?" አልኸኝ።

"ማን ይፈታዋል! ጊዮርጊስን፣ እጄ አልነካውም!"

በጊዮርጊስ ማልሁ። አንተ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርሁም፤ ያ ዓይን ያን ዕለት ቢጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ከመሬት ተነሥተህ፣ "እሺ። እንግዲያው የረሳሁት እኔ ነኝ" አልህ።

ደምለውም ለራሱ ፈርቶ አፉን ዘጋ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የምሳለመው። ሰው ሲጠይቀኝ ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረጃው አይሆነኝም እላለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም፣ ወድጄ ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ሽምግልናው ነው። የይርጋነሽ ወገኖች ተቆጥተው ሽማግሌ ተቀመጠ። አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ቀረብህ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ከዛፉ ጥላ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ አንገትህን ደፍተህ ቆምህ። እኔ የት ነበርሁ? ጥላው ሥር፣ ከተበዳዮች ጎን ተቀምጬ ነበር። መኪናው የተሰበረበት ምስኪን ሽማግሌ እየተባልሁ፣ ውኃ እየተሰጠኝ። ድንጋዩ ጫንቃህ ላይ ሲንሸራተት በእጅህ መለስ ስታደርገው አይቻለሁ። ሚስቴ ወለተ ገብርኤል ባረፈች ጊዜ ከሞጣ ቢቸና ድረስ መጥተህ ድንኳኔን የተከልኸው በዚያ ጫንቃ ነበር፤ ግንዱን ተሸክመህ ግቢ ስትገባ "ወንድም ካለህ እንዲህ ነው" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከዚያ ጥላ ሥር ጎትታ ታወጣኝ ነበር። ታውቃታለህ፣ ውሸት ስናገር ጆሮዬን ታይ ነበር፤ ይቀላል ትለኝ ነበር።

ይርጋነሽ "አውርድ፣ ይቅር ብየሃለሁ" አለችህ። ሰው ግን ይቅር አላለህም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ደንበኞችህ አንድ በአንድ ሸሹ። መናኸሪያው ውስጥ "ሙሐመድሸሪፍ ጋ ስትገባ ብሎንህን ቁጠር፣ ስትወጣም ቁጠር" የሚል ቀልድ ወጣብህ። ይህን ቀልድ ሲቀልዱ አብሬ ስቄያለሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ጋራዥህን ዘግተህ ባሕር ዳር በሰው ጋራዥ ተቀጣሪ ሆነህ ሄድህ ሲሉኝም፣ "እዚያ ይሻለዋል" አልሁ።

ዓመቱን ሙሉ ይህን ለማንም አልተናዘዝሁም። ስርጉት ባልዲውን አንሥታ እስከገባችበት ቀን ድረስ ለራሴም የነገርሁት "ምናልባት እሱም በደንብ አላጠበቀው ይሆናል" የሚል ነበር። ቀለምህ ግን አንድ ዓመት በአቧራ ሥር ቆይቶ አልለቀቀም።

አሁን ያደረግሁትን ስማኝ። ልመካበት አይደለም፤ የሚያስመካ ነገር የለውም።

ደምለው የቦሎዬን መድረስ ሰምቶ፣ "ጎማው ዝግጁ ነው፣ መጥተህ ውሰድ፤ ዘንድሮ እኔ ራሴ አጠብቅልሃለሁ" ብሎ ደወለልኝ። አይሆንም አልሁት። በተላጨው ጎማዬ፣ ሰው ሳልጭን፣ እንደ ኤሊ እየተሳብሁ ለምርመራ ሄድሁ። ያው የአምናው መርማሪ ነው። ጎማውን አየና ሳቀ።

"አባት፣ ያ አዲሱ ጎማ የታለ?"

"የሰው ነበር። አምና በተውሶ ነው ያለፍሁት።"

ሳቁን አቆመ። "ይህንን ለእኔ ለምን ይነግሩኛል?"

"ጠየቅኸኝ እኮ።"

አየኝ፣ አየኝና አንገቱን ነቅንቆ "አላለፈም" ብሎ ጻፈልኝ። ለአምናው የሚመጣብኝ ካለ ይምጣ፤ ቢቸና ነኝ፣ አድራሻዬ አይጠፋም።

ከዚያ ግንደወይን ይርጋነሽ ቤት ሄድሁ። ክንዷ ተጣሞ ነው የዳነው፤ እንዝርት ማሾር አትችልም። ሁሉንም ነገርኋት።

"እኔኮ ያን ዕለት ገርሞኝ ነበር" አለችኝ። "ድንጋዩን የተሸከመ እሱ፣ የሚያልብዎት እርስዎ። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ነበር።"

"ማሪኝ፣ ልጄ። ድንጋዬን ይዤ ልምጣ?"

"የእኔን ክንድ ድንጋይ አያቀናውም። እኔስ አንድ ጊዜ ይቅር ብያለሁ፤ ላልበደለኝ ሰው ባወጣሁትም ይቅርታ አሁን እኔው አፈርሁ። ድንጋዩን ለእሱ ይውሰዱለት።"

ወሰድሁልህ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ ሞጣ መናኸሪያ ገባሁ። ቀኑን መርጬ ነው፤ የሰደብሁህ በሰው ፊት ነውና። ከተሳፈርሁበት መኪና ወርጄ ድንጋዩን ጫንቃዬ ላይ አወጣሁ። መጀመሪያ የሳቁ አሉ። አንዱ፣ "አያ ታዘበው፣ ቤት ሊሠሩ ነው?" አለኝ። ሌላው፣ "ጎማ ቢጠፋ በድንጋይ ሊያቆሟት ነው እንጂ!" አለ። እኔም ጮክ ብዬ፣ "የአምናውን ጎማ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሳላጠብቅ የተነሣሁትም እኔ ነኝ። ሙሐመድሸሪፍ እጁ የለበትም። በሐሰት ነው የማልሁበት" አልሁ። ሳቁ ቆመ። እስከ ጋራዥህ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ ተነፈስሁ።

ሚስትህ ሙኒያ የጋራዡ በር ላይ ሻርፕና ጨርቅ ዘርግታ ስትሸጥ አገኘኋት። ሳታየኝ ቀርታ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"አይቼዎታለሁ፣ አያ ታዘበው። ከመናኸሪያው ጀምሮ ነው የሰማሁት።"

"እንግዲያው ታውቂያለሽ።"

"አምና ነው ያወቅሁት። ያን ዕለት ከሽምግልናው ተመልሶ ትከሻውን ሳሽለት ነገረኝ። ጎማው ተፈትቷል አለኝ። ታዲያ አፍ የለህም ወይ ብዬ ጮኽሁበት። 'ሰውየው ሚስቱን ቀብሯል። መኪናዋንም ከቀሙት ምን ይቀረዋል?' አለኝ።"

ያን ስሰማ፣ ሙሐመድሸሪፍ፣ ድንጋዩም ከበደኝ።

"'ራሱ ይመጣል፣ አያ ታዘበውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ እልኸኛ ነው እንጂ ይመጣል' እያለ ወሩን ቆጠረ" አለችኝ። "ጋራዡን የዘጋው ሥራ ስላጣ ብቻ እንዳይመስልዎ። እርስዎን መጠበቅ ሰልችቶት ነው።"

ድንጋዩን በሁለት እጄ ደግፌ መዝጊያውን ተጠጋሁ። ጨርቋን ማጠፍ ትታ ቀና ብላ አየችኝ።

"አውርድ ልልዎት አልችልም። የተበደለው እሱ ነው። ሽማግሌ ነዎት፣ እዚህ ወድቀው ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳያመጡብኝ በሩ ላይ ያስቀምጡት። አስቀመጥሁት ይበሉ እንጂ ወረደልኝ እንዳይሉ።"

አስቀመጥሁት። ከመዝጊያው በስተግራ ነው። እውነቷን ነው፣ አልወረደልኝም፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ጫንቃዬ ላይ አለ።

ተመለስ አልልህም። ይህን ለማለት ፊት የለኝም። ጋራዥህ ቢከፈት ደንበኛ ይመጣልሃል አልልህም፤ ሰው ያፈረሰውን ስም ቶሎ አይሠራውም። ሎንቺናዋ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፤ የራሷን ጎማ እስካገኝላት ቁልፏን ለስርጉት ሰጥቻታለሁ። አምና ረስተኸው የሄድኸው የነጭ ቀለም ቆርቆሮና ቡርሽህ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ቀለሙ ሊደርቅ ነበር፤ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርጌበት አሟሟሁት። ሌላ አልነካሁትም፤ መስመር የማስመር መብት የለኝም።

ደብዳቤዋን ለሙኒያ እልክላታለሁ፤ ባሕር ዳር በሚሄድ ሰው ትልክልሃለች። አንድ ቀን ሞጣ ስትመጣ በርህ ላይ ድንጋይ ታገኛለህ። ብትወድ አንሣው፣ ብትወድ ተራምደኸው ግባ። የእኔ መሆኑን ግን እወቅልኝ።

ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው። ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? ትከሻህንስ ተሻለህ?

ጎማውን ፈትቶ ሳያጠብቅ የተነሣው፣
ታዘበው
ከቢቸና